ደንበኛ ያባረርኩ ለት

ምግብ ቤቱን ከቀድሞው ባለቤት ስንረከብ ከወንበርና ከጠረጴዛው ጋር አንድ ሰሌዳ አብሮ መጣ። ከገንዘብ መቀበያው በላይ የተሰቀለ፣ በቀይ ፊደል የተጻፈ የፕላስቲክ ሰሌዳ። በእንግሊዝኛ «ማንንም ሰው ያለማስተናገድ መብታችን የተጠበቀ ነው» ይላል። ባለቤቴ ገና ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ። «ይሄን ነገር አውርድልኝ። እንግዳ ገና እግሩ ሳይገባ ውጣ የሚል ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው?» አለችኝ። አወረድኩት። አልጣልኩትም ግን። ስቶር ውስጥ ከበርበሬው ጆንያ ጀርባ ሸጎጥኩት። በነጻ የመጣ ዕቃ መጣል አልወድም።

ከሁለት ወር በፊት አንድ ቅዳሜ ማታ ያ ሰሌዳ ትዝ አለኝ።

ቤታችን ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አሥራ አንድ ጠረጴዛ አለን። ቅዳሜ ማታ አሥሩ ይሞላል። ሳይሞላ የሚቀረው ጠረጴዛ ቁጥር ሦስት ነው፣ በሩ ሥር ያለው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርድ ስለሚገባበት ሌላ ቦታ ካልጠፋ በቀር ሰው አናስቀምጥበትም።

ያን ማታ ጠረጴዛ ሰባት ላይ አራት ሰዎች ነበሩ። የኛው ሰዎች ናቸው። ጥሩ ለብሰዋል፣ ከሰርግ ወይ ከክርስትና የመጡ ይመስላሉ። ሁለት ሁለት ቢራ ጠጥተዋል። ምግብ ሊያዙ ሲሉ አንደኛው አስተናጋጇን ስሟን ጠየቃት። ነገረችው። «የአባትሽስ?» አላት።

ይቺ ጥያቄ ምን ፈልጋ እንደምትመጣ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ልጅቷም ታውቃለች። ግን ነገረችው። ምን ታድርግ፣ አባቷ ነው። ሰውዬው ሜኑውን አጠፈና መልሶ ሰጣት። «ሌላ አስተናጋጅ ላኩልን» አለ።

ወደ እኔ መጣች። ብርጭቆ እየወለወልኩ ነበር። «ጋሼ፣ ሰባት ቁጥሮች ሌላ ሰው ይፈልጋሉ» አለችኝ። ጥብስ አልቋል ስትል የምታወጣውን ድምፅ ነው ያወጣችው። «ለምን?» አልኳት። «እንጃ» አለች። ጎን የነበረው ልጅ ነው ሁሉን ሰምቶ የነገረኝ።

ሄድኩ። «ምን ጎደለ?» አልኩት።

«ምንም አልጎደለም። ደንበኛ ነኝ። መምረጥ አልችልም?»

«ከሜኑው መምረጥ ትችላለህ።»

«ገንዘቤን ይዤ እኮ ነው የመጣሁት።»

«ይዘኸው ሂድ» አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። በጸባዬ ቶሎ አልቆጣም፤ ካብ (ታክሲ) የነዳ ሰው ስድብ ለምዷል። ቤቱ ጸጥ አለ። ከአራቱ አንዱ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል። ሌላኛው «ኧረ ጋሼ፣ ይቅር፣ ይቅር» ይላል። የቢራውን ሒሳብ አልተቀበልኩም። ወጡ።

ሰኞ ጠዋት ኢንተርኔት ላይ አንድ ኮከብ ተሰጠን። «ደንበኛ የሚያገል ዘረኛ ቤት» ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅ መጣብኝ፣ ከዚያ ሳቁ ሄደ።

ቡና አብረውኝ የሚጠጡ ጓደኞቼ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው «ቤቱ ያንተ ነው። ኪራዩን የምትከፍለው አንተ። ማንን እንደምታስገባ ማንም አያዝህም» አለኝ። ሌላኛው ስኒውን አስቀመጠና «እሺ፣ ነገ ያ ሰውዬ ምግብ ቤት ከፍቶ አንተን በአባትህ ስም ቢያስወጣህስ? እሱም እኮ ኪራይ ይከፍላል» አለ።

የሁለተኛው ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ።

እኔ ይህን ነገር ከምግብ ቤቱ በፊት አውቀዋለሁ። ከ2002 እስከ 2015 ዲሲ ውስጥ ካብ ነድቻለሁ። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጠራው። እዚህ አገር ይህን ያህል ከኖሩ በኋላ መቀናነሱ ይሰለቻል።) ያኔ ፈቃዱን ለማግኘት ዩዲሲ በሚባለው የከተማው ዩኒቨርሲቲ ኮርስ መውሰድ ነበረብን። ከክፍሉ ግማሹ ሐበሻ ነው። መምህሩ ደጋግሞ የነገረን ነገር ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ሰው እጁን ካነሣ ትቆማለህ። በመስኮት «ወዴት ነህ?» ብለህ አትጠይቅም። መጀመሪያ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ ይነግርሃል። መኪናው ያንተ ነው፣ ቤንዚኑ ያንተ ነው፣ ምርጫው ግን ያንተ አይደለም።

ካብ ተሰልፎ ሰው በሚጠብቅበት ስታንድ ላይ የሚሰጠው ኮርስ ሌላ ነበር። ነባሮቹ አዲሱን ልጅ «ወንዙን እንዳትሻገር» ብለው ይመክሩታል። ወንዙ አናኮስቲያ ነው። ማዶው ሳውዝ ኢስት ነው፣ ኗሪው አብዛኛው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ምክንያታቸው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከዚያ ስትመለስ ፌር የለም፣ ባዶህን ነው የምትመጣው። ሁለተኛ፣ ፍርሃት። ፍርሃቱ ከመሬት የመጣ አይደለም። የተዘረፉ ልጆች አውቃለሁ፤ አንዱን ሆስፒታል ሄደን ጠይቀነዋል፣ ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ።

2005፣ ጥር ወር ነው። ለእኩለ ሌሊት ጥቂት ሲቀረው ጆርጂያ አቨኑን ይዤ ወደ ታች እየወረድኩ ነው። አንዲት ሴት እጇን አነሣች። ከሥራ የወጣች ነርስ ናት። ኮት ደርባለች፣ ከሥሩ የሆስፒታል ልብስ ይታያል፣ ነጭ ጫማ አድርጋለች፣ በአንድ እጇ ፌስታል ይዛለች። ፍጥነት ቀነስኩ። አየኋት። ጥቁር ናት። በዚህ ሰዓት ወዴት ትሄዳለች? ወንዙን ነው የምትሻገረው አልኩ ለራሴ። እሷ ምንም አልነገረችኝም፤ ከፊቷ ያነበብኩት እኔ ነኝ። እጄ ወደ ጣሪያው መብራት ሄደ። «ከሥራ ውጪ» አልኩና ጋዝ ረገጥኩ።

በመስታወት አየኋት። እጇን ወዲያው አላወረደችም። ትንሽ እንደተነሣ ቆየ፣ ከዚያ ቀስ አድርጋ ኪሷ ከተተችው። አልተሳደበችም። ተሳድባ ቢሆን እስካሁን ረስቻት ነበር።

ከሁለት መንገድ በኋላ መብራቱን መልሼ አበራሁና ሁለት ነጭ ልጆች አሳፈርኩ። ጆርጅታውን ድረስ። ቲፕ እንኳ አልሰጡኝም።

ያን ለት ማንም «አላስተናግድሽም» አላላትም። ይሄንን አስተውሉልኝ። እንቢ የሚለው ቃል ዛሬ ዛሬ እምብዛም አይወጣም። ታክሲው መብራት ያጠፋል። ናይት ክለቡ «ዛሬ የግል ግብዣ ነው» ይላል። እኔም አንድ ጊዜ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በር ላይ ተብያለሁ፤ ከኛ ኋላ የመጡት ፈረንጆች ግን ዝም ብለው ገቡ፣ ግብዣው የነሱ ሳይሆን አይቀርም። ቤት አከራዩ «አሁን ከአንተ በፊት ሰው ወሰደው» ይላል። ምግብ ቤት ደግሞ ብርድ የሚገባበትን ጠረጴዛ ያሳያል። የኛም ክለቦች ከዚህ ንጹሕ አይደሉም። የሐበሻ ልጅ በስኒከር ሲገባ አይቼ፣ ጥቁር አሜሪካዊው «ስኒከር አይቻልም» ተብሎ ሲመለስ አይቻለሁ። ጫማቸው አንድ ዓይነት ነበር።

በግልጽ የሚባልበት ዘመን ግን ነበር፣ ያውም እኔ ስንከራተትበት በኖርኩት መንገድ ላይ።

ፎርቲንዝ ስትሪት ላይ፣ ዳውንታውን፣ ቶምሰን የሚባል ካፌቴሪያ ነበር። 1950 መጀመሪያ ላይ ሜሪ ቸርች ቴረል የምትባል የ86 ዓመት አሮጊት ከጓደኞቿ ጋር ገባች። አስተማሪ የነበረች፣ ስሟ የተከበረ ሴት ናት። ትሪዋን ይዛ ተሰለፈች። ጥቁር አናስተናግድም አሏት። አሮጊቷ በደንብ አውቃ ነው የሄደችው። ከ1872 እና ከ1873 የቀሩ ሁለት የዲሲ ሕጎች ተገኝተዋል፤ ከሕግ መጽሐፉ ውስጥ ወጥተው ተረስተው ነበር እንጂ ማንም አልሻራቸውም። ምግብ ቤቶች ጨዋ ሆኖ የመጣን ማንኛውንም ሰው ቀለሙን ሳያዩ እንዲያስተናግዱ ያዛሉ። እንቢ ያለ መቶ ዶላር ይቀጣል፣ ፈቃዱንም ለአንድ ዓመት ያጣል። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና ሰኔ 1953 ሕጎቹ ሕያው ናቸው ተባለ። በዚያው ሳምንት ተመልሳ ሄዳ በላች። በማግስቱ ዓመት ሞተች።

እኔ የምወደው «ጨዋ ሆኖ የመጣ» የምትለዋን ነው። የሰማንያ ዓመት አቧራ የጠጣ ሕግ፣ እኛ ዛሬ የምንጨቃጨቅበትን በሦስት ቃል ጨርሶታል። ሰክሮ ቢመጣ፣ ቢሳደብ፣ ሳይከፍል ሊወጣ ቢል አስወጣው። ማን ሆኖ እንደተወለደ ግን ያንተ ጉዳይ አይደለም። የኔ ስቶር ውስጥ ያለው ቀይ ሰሌዳም በሕግ ፊት ከዚህ አያልፍም። «ማንንም» ይበል እንጂ ጉልበቱ ለሰካራምና ለጫማ አልባ ብቻ ነው።

የኛም ሰው ቀምሶታል። ኮንስቲትዩሽን ሆል የሚባለውን አዳራሽ ዲሲ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል፣ ከዋይት ሐውስ ብዙ አይርቅም። የአንድ የሴቶች ማኅበር የግል ንብረት ነው። 1939 ላይ ማሪያን አንደርሰን የምትባለዋን ታላቅ ድምፃዊት ጥቁር ስለሆነች አትዘፍኚበትም ያሏት እዚያ ነው። እሷም በፋሲካ ዕለት የሊንከን ሐውልት ደረጃ ላይ ለሕዝብ ዘፈነች። 1948 ላይ ደግሞ በዋሽንግተን የኢትዮጵያ መልእክተኛ (ዲፕሎማት) የነበሩት ራስ እምሩ በዚያው አዳራሽ፣ ለዲፕሎማቶች በተያዘው ቦታ ከተቀመጡበት እንዲነሡ ተደረገ። ራስ እምሩን ነው! ጣልያንን የተዋጋ ሰው። ከአዳራሹ ፊት ለፊት ፌር ስጠብቅ ሁልጊዜ ይሄ ይመጣብኛል። እሳቸው ያን ለት ጥለው ሲወጡ ታክሲ ቆሞላቸው ይሆን?

«ቤቱ የራሴ ነው» የሚለው ክርክርም አዲስ አይደለም። በርሚንግሃም፣ አላባማ፣ ኦሊስ የሚባል የባርቤኪው ቤት ነበር። ነጮች ተቀምጠው ይበላሉ፣ ጥቁሮች ገዝተው ይዘው ይሄዳሉ። የ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ ሲወጣ ባለቤቶቹ ከሰሱ። እኛ የሰፈር ምግብ ቤት ነን፣ ፌዴራል መንግሥት ምን አገባው አሉ። ፍርድ ቤቱ ምን ቢል ጥሩ ነው? ሥጋችሁ ከየት ነው የሚመጣው? አንድ ዓመት ውስጥ 70 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ሥጋ ከሌላ ስቴት የመጣ ሆኖ ተገኘ። ሥጋው ድንበር ከተሻገረ ንግዱም የሰፈር ብቻ አይደለም፣ ሕጉ ይገዛችኋል ተባሉ። ታኅሣሥ 1964 ነው።

ይሄን ለባለቤቴ ስነግራት ሳቀች። የኛ ጤፍ ከአይዳሆ ነው የሚመጣው፣ በርበሬው ከአዲስ አበባ። በሥጋው መንገድ ከሄድን እኛ የሰፈር ምግብ ቤት ሆነን አናውቅም።

አሁን ከባዱ ላይ ደረስኩ። ኮሎራዶ ያለው ኬክ ጋጋሪ።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። 2012 ላይ ሁለት ወንዶች ለሰርጋችን ኬክ ሥራልን አሉት፣ እምነቴ አይፈቅድም አላቸው። 2018 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰባት ለሁለት ፈረደለት። ግን የፈረደለት የስቴቱ ኮሚሽን እምነቱን አንቋሿል በሚል ነው እንጂ ለሁሉም ነጋዴ በር ከፍቶ አይደለም። 2023 ላይ ደግሞ እዚያው ኮሎራዶ ያለች የድረ ገጽ ሠሪ ተፈረደላት፣ ስድስት ለሦስት። የማታምንበትን መልእክት በራሷ እጅ እንድትሠራ አትገደድም ተባለ።

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይሄ ሲነሣ መልሱ አንድ ዓይነት ነው። ሁሉም ከጋጋሪው ጋር ነው። የኔም ሃይማኖት ከነሱ አይለይም፣ ጋብቻ ምን እንደሆነ የተማርኩትም ከነሱ ጋር ነው። ግን እኔ ወጥ ቤት አለኝ።

በዐቢይ ጾም ክትፎ የሚያዝ ደንበኛ አለን። ብዙ አለን። ባለቤቴ ከአርባ ዓመቷ ወዲህ አንድ ቀን ጾም ገድፋ አታውቅም። ያንን ክትፎ የምታዘጋጀው እሷ ናት። አትቀምሰውም። ጨውና ሚጥሚጣው ልክ መሆኑን የምታውቀው በማሽተት ነው። ሳህኑን አፍንጫዋ ሥር ታመጣለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ትንሽ ትቆያለች፣ ከዚያ ወይ ሚጥሚጣ ትጨምራለች ወይ «ውሰዱት» ትላለች። አንድም ቀን «እምነቴ አይፈቅድም» ብላ ሳህን መልሳ አታውቅም። አንድ ጊዜ ጠየቅኳት። «ጾሙ የኔ ነው፣ የሱ አይደለም» አለችኝ።

ስለዚህ ጋጋሪው መደርደሪያ ላይ ያለውን ኬክ ለማንም መሸጥ አለበት ባይ ነኝ። ጽሑፉ ሌላ ነው። አንድ ሰው መጥቶ ድፎ ዳቦ ቢያዘኝ እሸጥለታለሁ፣ የማን ልጅ ነህ አልለውም። ድፎው ላይ «ጦርነቱ ይቀጥል» ብለህ ጻፍልኝ ካለኝ ግን አልጽፍም። ለሱም አልጽፍም፣ ለወንድሜም አልጽፍም። ልዩነቱ እዚህ ጋ ይመስለኛል። ለማንም የማላደርገው ነገር ከሆነ እንቢ ማለቴ ያስኬዳል። ለጎረቤቱ አድርጌ ለሱ ስከለክል ግን የምከለክለው ሥራውን አይደለም፣ ሰውዬውን ነው። የሰርግ ኬኩ መሐል ላይ ይወድቃል፣ ዳቦ ነው ወይስ ጽሑፍ? ከጓደኞቼ ጋር በዚህ ላይ ሁለት ሰዓት ተጨቃጭቀን ቡናው በረካ ደርሶ ተበትነናል።

ስለ ውሻው ሳልነግራችሁ።

ነርሷን ጥዬ ከሄድኩ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ኮኔቲከት አቨኑ ላይ፣ ዱፖንት ሰርክል አካባቢ፣ አንድ ዓይነ ስውር ሰውዬ ከሚመራው ውሻ ጋር ቆሟል። ዝናብ ነው። እኔ ውሻ እፈራለሁ። ልጅ ሆኜ የእብድ ውሻ መርፌ የተወጋ የሠፈር ልጅ ሲጮህ ሰምቼ ያደግኩ ነኝ። ሕጉን ግን አውቀዋለሁ፣ የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ነው። ውሻውን ፈራሁ፣ አለርጂ አለብኝ ብሎ ማለፍ የለም። ሙስሊም ጓደኞቼም በሃይማኖት ምክንያት በዚህ ይቸገሩ ነበር። ሚኒያፖሊስ ኤርፖርት ላይ መጠጥ የያዘ ተሳፋሪ አንጭንም ያሉ ሶማሌ ሾፌሮችም በ2007 ቅጣት ወጥቶባቸው ነበር፣ መጀመሪያ የሠላሳ ቀን እገዳ፣ ሁለተኛ ሲሆን የሁለት ዓመት።

ቆምኩለት። ጽድቅ ፈልጌ አይደለም። ከኋላዬ የካብ ኢንስፔክተር መኪና ነበረ።

ውሻው ገብቶ ከወንበሩ ሥር ተኛ፣ አገጩን የሰውዬው ጫማ ላይ አደረገ። መኪናው ወዲያው እርጥብ ጸጉር ጸጉር ሸተተ። ሰውዬው በሩን ዘጋና «አንተ አራተኛው ነህ» አለኝ።

«አራተኛው ምን?»

«ሦስቱ ፍጥነት ቀነሱ፣ ከዚያ ጋዝ ረገጡ። ጎማው ይነግረኛል።»

ምንም አልመለስኩለትም። ምን እላለሁ? እኔ ጋዙን ስረግጥ ከውጪ ምን እንደሚሰማ አስቤው አላውቅም ነበር። የሚያይ ሰው ምናልባት አላየኝም ብሎ ራሱን ያጽናናል። ይሄኛው ሰው ግን ጎማው ቀስ ሲል ሰምቷል፣ አስበው እንደተዉት ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ ወንዙን ተሻግሬያለሁ። ሁልጊዜ አይደለም። ልዋሻችሁ አልፈልግም።

አንዳንድ ሰው ታዲያ ሕጉ ምን ጠቀመ ይላል። ሰው እንደሆነ መብራት አጥፍቶ ያልፋል፣ የልቡን ይሠራል፣ ግብዝነቱን ከማብዛት ውጪ ምን አመጣ? በግልጽ እንቢ ይበልና ሰው የማይወደውን ቤት ይወቀው ይላሉ። እኔም አስቤበታለሁ። ግን ያን ኢንስፔክተር አስታውሳለሁ። እሱ ባይኖር አምስተኛውን እየጠበቀ ዝናብ ይመታው ነበር። መዋሸቱም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ቶምሰን ካፌቴሪያ መዋሸት አያስፈልገውም ነበር፣ በኩራት ነው የሚናገረው። እኔ ግን መብራት ለማጥፋት እጄን ማንሣት ነበረብኝ። እጄን ሳነሣ ደግሞ ምን እያደረግኩ እንደሆነ አውቄያለሁ። ሕጉ ከኔ ያገኘው ያን ያህሉን ነው። ሰው ሰበብ ለመፈለግ የሚያፍርበት አገር፣ ሰበብ ከማያስፈልግበት አገር ይሻለኛል።

ወደ ጠረጴዛ ሰባት ልመለስ። ሰውዬውን ያስወጣሁት በማንነቱ አይደለም፣ በሠራው ሥራ ነው። ይሄን ለራሴ መቶ ጊዜ ነግሬዋለሁ። የአባቱን ስም እስከዛሬ አላውቀውም፣ ይሄንንም ለራሴ እንደ ማስረጃ አቀርባለሁ። ሕጉም ከኔ ጋር ነው ብዬ አርፌ ነበር።

ከዚያ አንድ ማታ የዚያን የቨርጂኒያ ምግብ ቤት ታሪክ አነሣሁ። ሰኔ 2018 ላይ ሌክሲንግተን የነበረ ሬድ ሄን የሚባል ምግብ ቤት የትራምፕን ቃል አቀባይ የነበረችውን ሣራ ሳንደርስን ውጪልን ብሎ አስወጣ። ዲሲ ውስጥ ስሙ አንድ የሆነ፣ ከዚያኛው ጋር ምንም የማይገናኝ ምግብ ቤት አለ፤ ለሱም የስድብና የዛቻ ስልክ ዘነበበት። ምስኪን። ዲሲ ቢሆን ነገሩ ራሱ ሌላ ክርክር ያመጣ ነበር፣ ምክንያቱም የ1977ቱ የዲሲ ሕግ የፖለቲካ ፓርቲ ወገንነትንም ይጠብቃል። ይሄን ሁሉ ለአስተናጋጇ እየዘበዘብኩላት ነው፤ ቤቱ ተዘግቷል፣ እሷ ሹካና ማንኪያ በናፕኪን ትጠቀልላለች። የሌክሲንግተኗ ባለቤት ከማስወጣቷ በፊት ሠራተኞቿን ሰብስባ ምን ላድርግ ብላ ጠይቃለች አልኳት።

ልጅቷ መጠቅለሏን አቆመች።

«እርስዎ ግን አልጠየቁኝም» አለች።

«ምን?»

«እኔን አልጠየቁኝም። ሌላ ሰው ይፈልጋሉ ነው ያልኩዎት። ሰባት ቁጥር ለሌላ ልጅ ይሰጣል፣ እኔ አምስትን እወስዳለሁ፣ አለቀ። እርስዎ ሄደው ጮሁ። ቤቱ ሙሉ ዞሮ እኔን አየ። አባቴ ማን እንደሆነ ያላወቀ የለም ያን ለት።» ትንሽ ዝም አለችና «አምስት ቁጥሮችም ሒሳብ ጠርተው ወጡ። ያን ማታ ቲፕ የሚባል አላገኘሁም» አለች።

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለችና መጠቅለሏን ቀጠለች። የ«አውቃለሁ» አባባሏ ደስ አላለኝም።

ያለፈው ቅዳሜ ሰውዬው መጣ። ብቻውን ነው። በሩን ከፍቶ ግማሽ አካሉ ውጪ እንደሆነ ቆመ፣ ብርዱ ገባ። አላየኝም፣ ወይም አይቶ ዝም አለ። እሷ ሜኑ ይዛ መሐል ላይ ናት። ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩና «አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት በምልክት።

ሰዓቱ ገና ነበር። ቤቱ ውስጥ ስምንት ጠረጴዛ ባዶ ነው።

ፈገግ አለችለት። «እንኳን ደህና መጡ» ብላ እየመራች ወሰደችው። ጠረጴዛ ሦስት ላይ አስቀመጠችው።